ሐኪም ቤቱ ከማን ደጅ ይሠራ?

ሐኪም ቤት ይሠራልን ብሎ አቤቱታ የማያቀርብ ከተማ በአገራችን አይገኝም። ሐኪም ቤቱ ከእኔ ደጅ ይሁን የሚል ሰፈር ግን እምብዛም አይገኝም። አቤቱታው ሲጻፍ ሁሉም በአንድ ልብ ይፈርማል፤ መሐንዲሱ ካስማውን ይዞ ቦታ ሊለካ የመጣ ዕለት ግን አንድ የነበረው ልብ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል። በዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ጉዳይ ላይ፣ ያውም ነገሌ ቦረናንና የደቡቡን ቆላ ከተሞች እያሰብን፣ አንዳንድ ሐሳብ ልናቀርብ ወደናል። ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል አያሌዎቹ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናቸው፣ ነገ በአንዱ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው «ቦታው ወዴት ይሁን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠታቸው አይቀርምና፣ ነገሩን ከወዲሁ ቢያስቡበት የሚጎዳ አይመስለንም።

ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በቦሬና በአዶላ በኩል የሚወርደው መንገድ ከደጋው ደንና ከእንሰቱ ተክል ተነሥቶ፣ ቀስ በቀስ ቀይ አፈርና የግራር ዛፍ ወዳለበት ሜዳ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር እጅግ ሰፊ ነው፤ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ፣ ወደ አሬሮና ወደ ያቤሎ፣ ወደ ሞያሌም ተጕዞ እስከ ኬንያ ወሰን ድረስ የከብትና የግመል አርቢ ምድር ነው። ነገሌ፣ ያቤሎ፣ ቡሌ ሆራ፣ አዶላና ሞያሌ ዛሬ ሆስፒታል ያላቸው ከተሞች ናቸው። ይህ ከአያቶቻችን ዘመን ጋር ሲመዘን ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም በአገራችን የጤና ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ይህ ስሌት የተሠራው በሰው ራስ ቍጥር ነው። ደጋ ላይ 100,000 ሰው ተቀራርቦና ተጎራብቶ ይኖራል፤ ቆላ ላይ ግን ያው 100,000 ሰው ሣርና ውኃ ተከትሎ፣ ከመንገድ ርቆ፣ ተበትኖ ይኖራል። ስለዚህ በቆላ አገር ሐኪም ቤት ሲታሰብ ከሰው ቍጥር ጋር ኪሎ ሜትርም መቈጠር ያለበት ይመስለናል።

የወሊድ ሐኪሞች ስለ እናቶች ሞት ሲናገሩ ሦስት መዘግየት አለ ይላሉ። ይኸውም ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ በመንገድ ላይ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምናውን በማግኘት መዘግየት ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊድ መካከል በጤና ድርጅት የተፈጸመው 5 ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሷል። በነዚሁ በሁለቱ የመጀመሪያ ጥናቶች መካከል በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች በ100,000 ሕያው ልደት ከ871 ወደ 412 ወርደዋል። የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ይህ የአገር አማካይ ነው፤ አማካይ ቍጥር ደግሞ የቆላውን ርቀት ይደብቃል። ቦታ መምረጥ ማለት እንግዲህ ሁለተኛውን መዘግየት ማሳጠር ወይም ማርዘም ማለት ነው። ጥያቄው የአንድ ሰፈር ጸጥታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባላነሣነው ነበር።

ለመሆኑ «ከደጃችን አይሁን» የሚሉት ሰዎች ምን ይላሉ? በመጀመሪያ የሚሰማው ስለ በሽታ ነው፤ ከየአገሩ የሚመጣ በሽተኛ ሁሉ በልጆቻችን መጫወቻ በኩል ያልፋል ይላሉ። ቀጥሎ ስለ ቆሻሻው ነው፤ ደም የነካው ፋሻና መርፌ ከአጥር ውጪ ይጣላል፣ ውሻ ይጎትተዋል፣ ሌሊትም ጅብ ይመጣል ይላሉ። ከዚያም የአምቡላንሱ ጩኸት፣ የባጃጁ ግፊያ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የሬሳ ቤቱ ነገር አለ። በየሌሊቱ የሰው ለቅሶ እየሰሙ መተኛት ቀላል አይደለም። አንዳንዱም አፉን ሞልቶ ባይናገረውም የሚያስበው ስለ ቦታው ነው፤ ካርታ ያለው ሰው ካሳውን ይቈጥራል፣ ያለ ካርታ ጨረቃ ቤት የሠራውም ከነአካቴው ባዶ እጄን እቀራለሁ ብሎ ይሠጋል።

በሌላው ወገን ያሉትም ዝም አይሉም። «እናንተ የበሽታ ሽታ አስፈራችሁ፤ ሌላው ሰው እኮ በመንገድ ላይ ነው የሚሞተው» ይላሉ። ከነሱም መካከል ንጹሕ ልብ ያላቸው እንዳሉ ሁሉ፣ ከሐኪም ቤቱ በር ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት፣ ሻይ ቤትና የሚከራይ ክፍል ለመክፈት አስቀድመው ቦታ ያጠሩ አይጠፉም። ለሕዝብ ጥቅም የሚጮኸውን ሁሉ ለኪሱ ነው ብለን አንጠረጥርም፤ ኪሱን የማያስብም አለ ብለን አናምንም።

እኛ የተማርን ወጣቶች በዚህ ጊዜ የሚቀናን መልስ «ሕዝቡ አልገባውም» የሚለው ነው። ትምህርት ያልደረሰው ሰው ነውና ይፈራል፤ ጥቂት ከሰበክነው ይለቀዋል ብለን እናስባለን። ይህ አስተያየት የተሳሳተ ነው። የጉጂን ምድር ለምሳሌ እንውሰድ። በሻኪሶ አጠገብ ባለው በለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከማዕድኑ የሚወጣው ፍሳሽ ውኃችንን በከለው፣ በልጆቻችንና በከብቶቻችን ላይ ጉዳት አመጣ እያለ ለብዙ ዘመን አቤት ብሏል። በ2010 ዓ.ም. የድርጅቱ ፈቃድ በታደሰ ጊዜ ሕዝቡ ተቃውሞውን አሰምቶ፣ በዚያው ዓመት ፈቃዱ ታገደ። እንዲህ ያለውን ነገር ያየና የሰማ የቆላ ነዋሪ፣ «ትልቅ ሥራ በሰፈርህ ሊሠራ ነው፣ ደስ ይበልህ» ሲባል፣ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ከእውቀት የመጣ ነው። መልስ እንጂ ስብከት አያስፈልገውም።

ስለዚህ ስጋቱን አንድ ባንድ አንሥተን ሳንቸኵል እንየው። በሽታ በአጥር አይዘልም። የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው አየር በማይገባበት በተፋፈገ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሐኪም ቤቱ ግቢ ማዶ ያለ ሰው በነፋስ አይዘውም። ኮሌራም በተበከለ ውኃና ምግብ እንጂ በነፋስ አይመጣም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ ከሐረና ቡሉቅ ተነሥቶ ወደ ጉጂና ወደ ሊበን የተስፋፋው ኮሌራ ሐኪም ቤት ከተሠራበት ሰፈር አልተነሣም፤ የተነሣው ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ከጎደለበት ነው። በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ባይሠራም በሰፈራችን ውስጥ አለ፤ በገበያ ይጋፋናል፣ በአውቶቡስ አጠገባችን ይቀመጣል፣ በልቅሶ ቤት አብሮን ቡና ይጠጣል። ሐኪም ቤቱ የሚያደርገው እሱን ለይቶ ማስተኛት ነው።

የቆሻሻው ነገር ግን ሌላ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ከሐኪም ቤት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከቤት ጥራጊ የማይለይ ነው፤ 15 በመቶው ግን በሽታ የሚያስተላልፍ ወይም መርዝነት ያለው ነው። ይህን 15 በመቶ በደንብ ለማቃጠል ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚነድ ምድጃ ያስፈልጋል፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ነዳጅ አርከፍክፎ እሳት መለኰስ ግን መርዙን ወደ ጢስ መለወጥ ነው። የእንግዴ ልጅ መጣያው ጉድጓድ ለብቻው፣ የመርፌው ማጠራቀሚያ ለብቻው መሆን አለበት። በሩ የማይዘጋና አጥሩ የፈረሰ የቆሻሻ ቦታ ካለ፣ ሰፈርተኛው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ጅቡም የኮሚቴውን ስብሰባ አይጠብቅም። እንግዲህ ነዋሪው «ምድጃው የት ይቆማል? የጢስ መውጫው ምን ያህል ከፍ ይላል? ነፋሱ በበጋ ወዴት ይነፍሳል? ማን ያቃጥለዋል? ነዳጁ ሲያልቅስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የወረዳው ሹም በቍጣ ሳይሆን በወረቀት መመለስ ይገባዋል። በተለይ «ነዳጁ ሲያልቅስ?» የምትለዋን ጥያቄ እናደንቃታለን። ሥራ ሁሉ የሚፈተነው በመጀመሪያው ቀን ምረቃ ሳይሆን በጀት ባለቀበት በሰኔ ወር ነው።

ሐኪም ቤት ከሰው ተለይቶ ራቅ ብሎ ይሠራ የሚለውን አሳብ አዲስ አበባ ቀድማ ሞክራዋለች። በ1920ዎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ከከተማይቱ በስተምዕራብ፣ ያን ጊዜ ሜዳ በነበረው ስፍራ ተሠራ፤ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተጠራ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ቦታ አለርት ተቋቋመ። ታክመው የዳኑት ሰዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ቢመለሱ የሚቀበላቸው ስላላገኙ በሐኪም ቤቱ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። ከተማይቱም በዚያው ወገን የምትጠላውን ነገር ሁሉ ታከማች ጀመር፤ ከ1950ዎቹ አንሥቶ ቆሻሻዋን የምትደፋበት ቆሼ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከተማይቱ አደገችና ያራቀችው ሐኪም ቤት ድረስ ራሷ ሄደች፤ ዛሬ አለርት የታክሲ መቆሚያ ስም ነው፣ ቆዳ የታመመም አጥንት የተሰበረም ለመታከም ይሄድበታል፣ የሥጋ ደዌም በመድኃኒት የሚድን በሽታ ሆኗል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ግን የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገደለ። ሰው ስንት ዘመን ሲሸሽ የኖረው ከሕሙማኑ ነበር፤ የገደለው ግን ቆሻሻው ሆነ።

የነገሌም ሆነ የያቤሎ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ነገር ያለ ይመስለናል። ዛሬ የከተማ ዳር የሆነው ቦታ ከ20 ዓመት በኋላ መኻል ይሆናል። ስለዚህ ሐኪም ቤቱን አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ከከተማ አርቆ መሥራት ሰፈሩን ከሐኪም ቤት አያርቀውም፤ የሚያርቀው በሽተኛውን ነው፣ ያውም ከተማው እስኪደርስበት ድረስ ባሉት ዓመታት። ምጥ ሌሊት ነው የሚመጣው። ሌሊት ባጃጅ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል። የሌሊት ተረኛዋ ነርስም በዚያ ጨለማ ብቻዋን ሜዳ አቋርጣ እንድትመጣ የሚፈርድባት ሰው፣ የራሱን እኅት ይልክ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በሌላ በኩል መኻል ከተማ፣ ከገበያው አጠገብ ቢሠራ ማስፋፊያ አይኖረውም፤ ከ10 ዓመት በኋላ አንድ የወሊድ ክፍል ለመጨመር የሰው ቤት ማፍረስ ይመጣል። በእኛ አስተያየት የሚሻለው ከአውራው መንገድ ሳይርቅ በከተማው ጠርዝ፣ ከውኃ ጉድጓዶች በስተታች፣ ጎርፍ ከማይወርድበት፣ ለነገም ሰፊ መሬት የሚተርፍበት ቦታ ነው። ጠርዝ ስንል ግን አንድ ሰፈር ማለታችን ነው፤ የሚጎረብተውም ሰው አለ። «ማንም የማይኖርበት ጥሩ ቦታ» የሚባል ነገር የለም።

በቆላ አገር ደግሞ ባዶ የሚመስለው መሬት ባዶ አይደለም። ከደጋ ሄዶ የተሾመ ወጣት በከተማው ዳር የታጠረ ሣር ሲያይ «ይህ ሁሉ መሬት ጦም አድሮ!» ይል ይሆናል። ቦረናዎች ግን ያን «ካሎ» ይሉታል፤ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ለበጋ የሚጠበቅ ግጦሽ ነው። ሌላው ደግሞ መንጋ ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ ይሆናል፤ ማንም ካርታ ላይ ባያሰፍረውም ላሞቹ ያውቁታል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት ቀርቶ የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ ያየ ሰው፣ ካሎ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ እንዲከፈል በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ያዝዛል። ካሳው ግን ለይዞታ ባለቤት ነው የሚከፈለው። የጋራ ግጦሽ ባለቤቱ ማን ነው? ኦቦ እገሌ ነው ተብሎ በአንድ ሰው ስም የሚጻፍ አይደለም። ወጣቱ ሹም እዚህ ላይ በደንብ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ፊርማ ያለው አንድ ሰው ተገኝቶ ካሳውን ቢበላው፣ ሐኪም ቤቱ ገና መሠረቱ ሳይጣል ጠላት ያፈራል።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። «ሐኪም ቤቱስ ይሁን፤ ውኃው ግን ከየት ይመጣል?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው ብለን እናምናለን። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ተኝቶ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ወይም ማዋለድ 100 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል ይላል። 100 አልጋ ያለው ሐኪም ቤት እንግዲህ ለተኙት ብቻ በቀን ከ4,000 እስከ 6,000 ሊትር ይፈልጋል፤ በጀሪካን ሲቈጠር ከ200 እስከ 300 ጀሪካን ማለት ነው። ሴቶች ጀሪካን በተርታ ደርድረው ወረፋ በሚጠብቁበት ከተማ ይህ ውኃ ከማን ቧንቧ ሊወሰድ ነው? ሐኪም ቤቱ የራሱ ጉድጓድ ካልተቆፈረለት ከሰፈሩ ጋር የሚጣላው በበሽታ ሳይሆን በውኃ ነው።

ነገሌ ደግሞ ስለ ውኃ የምታውቀው ነገር አላት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈሩት ወታደሮች በምግብና በውኃ መበላሸት ተማረው አመፁ። የወታደሩ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከልክለው ነበር። ነገሩን እንዲመረምሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አደረጓቸው። የዚያን ዓመት አብዮት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጉድጓድ፣ አንዱ የሚጠጣ አንዱ የማይጠጣ፣ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም። የሐኪም ቤቱ ጉድጓድ ሲቆፈር አንድ ቧንቧ ከአጥሩ ውጪ ለሰፈሩ ይውጣ ብንል ለዚህ ነው። ወጪው ከአጥሩ ዋጋ አይበልጥም፤ ጎረቤቱ ግን ሐኪም ቤቱን የራሱ አድርጎ ይጠብቀዋል። ቦረናዎች በኤላቸው ላይ ውኃ የሚደለድል «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኃላፊ አላቸው፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ ይታወቃል፣ ጠብም አይነሣም። የቧንቧው ወረፋ እንዴት ይሁን የሚለውን ከመሐንዲሱ ይልቅ እሱን መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ሕንፃው ብዙ ይነገራል፤ ስለ አስታማሚው ግን የሚናገር አናገኝም። በአገራችን በሽተኛ ብቻውን አይመጣም። አንዲት ወላድ ከሩቅ ቀበሌ ስትመጣ እናቷ፣ የባሏ እናት፣ ባሏ፣ ወንድሟና የጎረቤት ልጅ አብረው ይመጣሉ። ምግብ የሚያበስለው፣ መድኃኒት ከውጪ የሚገዛው፣ ደም የሚሰጠው እነዚህ ናቸው። ሐኪም ቤቱ ለበሽተኛው አልጋ ያዘጋጃል፤ ለአምስቱ ዘመዶች ግን ምንም አላዘጋጀም። ስለዚህ በአጥሩ ሥር ያድራሉ፣ በሦስት ጉልቻ እሳት ያነድዳሉ፣ መጸዳጃም ስለሌላቸው የሰፈሩን ጓሮ ይጠቀማሉ። ሰፈሩ «ሐኪም ቤቱ አስቸገረን» የሚለው፣ ነገሩ ሲመረመር፣ ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጣራና ግድግዳ ያለው ሰፊ አዳራሽ፣ ማብሰያ፣ መጸዳጃና የቁም ውኃ ያለው የአስታማሚ ማረፊያ በፕላኑ ውስጥ ቢገባ፣ የግማሹን ሰፈር ቅሬታ ያጠፋ ነበር። በየጤና ጣቢያው ያሉት የእናቶች ማቆያ ቤቶች ምጧ የተቃረበች ሴት አስቀድማ መጥታ እንድትጠብቅ በማድረጋቸው መልካም ሥራ ሠርተዋል፤ ይህንኑ አሳብ ማስፋት ነው። ከዶሎ ወገን ወይም ከገናሌ ማዶ ተነሥቶ የመጣ አርቢ ደግሞ ከሰው ሌላ እንስሳም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ፕላን ነዳፊው በአዲስ አበባ ቢሮው ሆኖ ይህን ሲያነብ ይሥቅ ይሆናል። አህያውንና ግመሉን የት እንደሚያስሩት አስቀድሞ ያላሰበ ፕላን ግን ለቆላ የተነደፈ አይደለም።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። በዚያ አገር ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይነገራል። ሐኪሙ ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ እንደሆነ አስተርጓሚው ዘበኛው ወይም ጽዳቷ ይሆናሉ፤ ሴቲቱ ለሐኪም ልትነግር ያሰበችውን ምሥጢር ለዘበኛ እንድትናገር ትገደዳለች። ዝም ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ ግን የደበቀችው ወዳ አይደለም። ቡሌ ሆራና ያቤሎ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተላቸው መሆኑ በዚህ ረገድ ትልቅ ተስፋ ነው፤ የአገሩ ልጅ ነርስና ሐኪም ሆኖ በአገሩ ቋንቋ ሲያክም፣ ሦስተኛው መዘግየት ያጥራል። የቀረነው ተመራቂዎች ግን ቆላ በተመደብን በወሩ የዝውውር ማመልከቻ መጻፍ እንጀምራለን። ደመወዙ የማያወላዳ መሆኑን የጤና ባለሙያዎች በ2017 ዓ.ም. ባሰሙት ጥያቄ ሁሉም ሰምቷል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ስለዚህም በግቢው ውስጥ ለሐኪሞችና ለነርሶች መኖሪያ ቤት አብሮ ካልተሠራ፣ ከደጃችን ይሁን አይሁን ስንከራከርበት የከረምነው ሕንፃ ሐኪም የሌለው ቤት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ቆላ ሐኪም ቤት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ነዋሪውን አስቦ አልነበረም። ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ የስዊድን ቀይ መስቀል ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር ሆኖ ቍስለኞችን የሚያክም የድንኳን ሆስፒታል በገናሌ ዳር በመልካ ዲዳ አቁሞ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ድንኳን በቦምብ ደበደቡት፤ በሽተኞች በአልጋቸው ላይ ሞቱ፣ ከስዊድኖቹም ጉናር ሉንድስትሬም የተባለው ሞተ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነገሌ ተያዘች። ዛሬ መልካ ዲዳ የሚለው ስም ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ከሶማልያ የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት ጣቢያ ስም ሆኗል፤ በዚያም እንደገና የእርዳታ ድርጅቶች ሕክምና ገባ። በመጀመሪያው ጊዜ ጦርነት፣ በሁለተኛው ስደት ነበር ያመጣው። ነዋሪው ቁጭ ብሎ «የት ይሁን? ምን ይሁን?» ተብሎ የተጠየቀበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንግዲህ አሁን በሐኪም ቤት ቦታ ላይ ክርክር ተነሣ ሲባል፣ አንዳንድ ኃላፊዎች እንደሚያስቡት የልማት እንቅፋት አድርገን አናየውም፤ ክርክሩ ራሱ የዘገየ መብት ነው።

ክርክር በጊዜው ካልተደረገ ምን እንደሚሆን ከቅርቡ ምሳሌ እንውሰድ። በ2015 ዓ.ም. ምሥራቅ ቦረና የሚባል አዲስ ዞን ተቋቁሞ ነገሌ መቀመጫው እንድትሆን በተወሰነ ጊዜ፣ በጉጂ ከተሞች ከፍ ያለ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ዞኑ እንዲህ ቢሆን ወይም እንዲያ ቢሆን ይሻላል ለማለት እዚህ አልተነሣንም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከተወሰነ በኋላ ሲጠየቅ እንደ ተጠየቀ አይቈጥረውም። የሐኪም ቤት ቦታም በቢሮ ተወስኖ ካበቃ በኋላ ለ«ውይይት» የቀረበ እንደሆነ፣ ጉጂው ለቦረና ተሰጠ ሊል፣ ቦረናው ለጉጂ ተሰጠ ሊል፣ ሶማሌውም እኔ አልተቈጠርኩም ሊል ነው። በሞያሌ አንዲት ከተማ ለሁለት ክልል አስተዳደር ተከፍላ እንዳለች እናውቃለን፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን የአስፋልቱን ወዲህና ወዲያ አትለይም፣ በሯ ቀድሞ ወደ ተከፈተላት ትገባለች።

በዚያ አገር ደግሞ መወያየትን የሚያስተምር ከአዲስ አበባ መላክ አያስፈልግም። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስበው ሕጋቸውን በክርክር ያጸናሉ፤ የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የመንግሥቱም ሕግ ቢሆን ይህንኑ ይፈልጋል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢው ኅብረተሰብ አስተያየት በጥናቱ ውስጥ እንዲካተት ያዝዛል። ያ አዋጅ በየጽሕፈት ቤቱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧልና ወጣቱ ሠራተኛ አውጥቶ ቢያነበው መልካም ነው።

ይህን ካነበበ በኋላ ደግሞ ስለ ስብሰባው አንድ ሁለት ነገር እንንገረው። በገበያ ቀን አይጥራው፤ ሴቶቹ አይመጡም። ጥዋት በማለዳም አይጥራው፤ ውኃ ሊቀዱ ሄደዋል። በአዳራሽ መድረክ ላይ ባለሥልጣን ተደርድሮ ሕዝቡ ከታች ከሚቀመጥ ይልቅ፣ እዚያው ለሐኪም ቤቱ በታሰበው ቦታ፣ በግራሩ ጥላ ሥር ይሁን፤ ምድጃው የሚቆምበት፣ ጉድጓዱ የሚቆፈርበት፣ የአስታማሚው ማረፊያ የሚሠራበት በኖራ መሬት ላይ ይሠመር። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሁሉም በገዛ ፊቱ ይሰማዋል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ይናገራሉ፣ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ስብሰባው ከመበተኑ በፊት ከሴቶቹ መካከል ባለፈው ዓመት የወለደችቱ፣ ያውም በመንገድ ላይ የወለደች ካለች፣ ምን ያህል እንደ ተጓዘች ትጠየቅ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም የተናገረችውን በኪሎ ሜትርና በሰዓት ይጻፈው።